ልጄ እርሳስ እንደ ዘነዘና ነው የሚጨብጠው፤ በምን ላለማምደው?

የናቲ እናት (ደብረ ብርሃን)፦

ሰላም ናችሁ? ትንሽ ይረዝማል፣ ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ልጄ 5 ዓመት ከ2 ወሩ ነው። ኬጂ 2 ይማራል። ጨዋታ አዋቂ ነው። ማታ የነገርኩትን ተረት ጠዋት አንድ ቃል ሳይጥል ለአያቱ ይነግራታል፣ ፊደሉንም ከሀ እስከ ፐ እንደ ውሃ ነው የሚያወርደው። እርሳስ ሲይዝ ግን ሌላ ልጅ ይሆንብኛል። በሙሉ መዳፉ ይጨብጠዋል፣ ልክ ቡና እንደሚወቅጥ ሰው። ከዚያ ይጫነዋል። ጫፉ ይሰበራል፣ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ እቀርጽለታለሁ፣ መልሶ ይሰብረዋል።

ከትምህርት ቤት በየቀኑ አንድ ገጽ ሀ፣ አንድ ገጽ ለ እየተባለ የቤት ሥራ ይሰጠዋል። እኔ ከሥራ ስገባ መሽቷል፣ እሱም ደክሞታል። ትናንት ማታ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመና "እማዬ እጄን አመመኝ" አለኝ። ሰበብ መስሎኝ ጮህኩበት። በኋላ መዳፉን ስከፍተው እርሳሱ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ቀልቷል፣ የጣቶቹ ጫፍ ደግሞ ከመጫን ብዛት ነጥቷል። እሱ እንቅልፍ ወሰደው፣ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።

አስተማሪዋ "ሰነፍ ስለሆነ ጫን በይው" አለችኝ። የጎረቤቴ ልጅ እኩያው ናት፣ ስሟን ትጽፋለች። ሥዕልም አይወድም፣ ከለር ስሰጠው ሁለት ሦስት ጊዜ ጫር ጫር ያደርግና ይተወዋል። በሽታ ይሆን? ወይስ ልምምድ ነው የጎደለው? ውድ መጫወቻ የመግዛት አቅም የለኝም፣ ቤት ባለው ነገር የሚሠራ ካለ ንገሩኝ።

መምህርት ከመሐል ሜዳ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ አንቺ ተረጋጊ። ልጅሽ ሰነፍ አይደለም። እኔ መንዝ ውስጥ ሕፃናት ሳስተምር 11 ዓመቴ ነው፣ በየመስከረሙ ከሚመጡልኝ ልጆች ብዙዎቹ እንደ ናቲ ጨብጠው ነው የሚመጡት።

እጅ ተራ አለው። ዓመት ተኩል ላይ ልጅ ሁሉ በመዳፉ ይጨብጣል። 2 እና 3 ዓመት ላይ ጣቶቹን ወደ ታች አዙሮ ከላይ ይይዛል። 4 ዓመት ገደማ በ3 ወይም በ4 ጣት መያዝ ይጀምራል፣ ግን ጣቶቹ ዝም ብለው ይቆማሉ፣ የሚሄደው እጁ በሙሉ ነው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዞ፣ በመሐል ጣት ደግፎ፣ ጣቶቹን ብቻ እያላወሰ መጻፍ የሚመጣው ከ4 ዓመት ተኩል እስከ 6 ባለው ጊዜ ነው፣ ከዚያም የሚዘገይ አለ። ናቲ ወደ ኋላ ቀረት ብሏል እንጂ መንገዱን አልሳተም።

ቅርጽም እንዲሁ ተራ አለው። ቁም መስመር 2 ዓመት ላይ ይመጣል፣ አግድም መስመር ይከተላል፣ 3 ላይ ክብ፣ 4 ላይ መስቀል፣ ከዚያ ወዲያ አራት ማዕዘን፣ 5 ላይ ሦስት ማዕዘን። ሰያፍ መስመር ነው አብዝቶ የሚያስቸግራቸው። አሁን ፊደላችንን በዚህ ዓይን እዪው። ዐ ክብ ናት። ተ መስቀል ናት። ቀ ክብ ሆና መሐሏ ላይ ቁም መስመር ያለፈባት ናት። በ ወለል የሌላት ቤት ናት። ለ ግን እግሮቿ ሰያፍ ናቸው፣ በገበታው ተራ ስለምናስጽፍ ደግሞ ገና ከጅምሩ ትመጣለች፣ ክብ ሠርቶ ያልጨረሰ እጅ ላይ። የንባብ ተራ ሌላ ነው፣ የእጅ ተራ ሌላ ነው። ይህን ስብሰባ ላይ ስንቴ እንደተከራከርኩበት እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለዚህ የገጹን ጉዳይ ከአስተማሪዋ ጋር በሰላም ተነጋገሪና ወደ ሁለት መስመር ይቀነስለት። በቀረው ጊዜ ይሳል። ሥዕል ስልሽ ግን ነጭ ወረቀት ሰጥተሽ "በል ሳል" ማለት አይደለም፣ እጁ ለማይታዘዝለት ልጅ ነጭ ወረቀት ያስፈራል። እኔ ክፍሌ ውስጥ የማስጀምራቸው በግ ነው። መንዝ ነንና በግ የማያውቅ ልጅ የለም። አንድ ትልቅ ክብ ለሆዱ። አንድ ትንሽ ክብ ለራሱ። አራት ቁም መስመር እግር። ከዚያ ጠጉሩ! ጠጉሩን እንደ ቀለበት እየጠቀለሉ፣ እየጠቀለሉ ሆዱን ይሞሉታል፣ ያቺ ጥቅልል ናት በኋላ ፊደል የምትሆነው። በነጋታው በጉ ላይ ዝናብ ይዘንባል፣ ዝናቡ ከላይ ወደ ታች ነው። ከነጋታው አጥር እናጥርለታለን፣ አጥሩ ቁምና አግድም ነው። አንድ ልጅ 40 ቁም መስመር ጻፍ ብትይው ያለቅሳል፣ በጉን ቀበሮ እንዳይበላው አጥር አጥር ስትይው ግን ወረቀቱ እስኪያልቅ ያጥራል።

ሌላ፣ ረጅም እርሳስ አትስጪው። ቾክ ግዢና የባቄላ ፍሬ እስኪያህል ሰባብሪው፣ ከለሩንም እንደዚያው። ያቺ ስባሪ በመዳፍ አትጨበጥም፣ ጣቶቹ ሳይነገራቸው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ከቤት ደግሞ አመድ አለሽ፣ ነፍተሽ ትሪ ላይ አድርጊው፣ በጣቱ ይሳልበት፣ ትሪውን ነቅነቅ ሲያደርገው ይጠፋል። መሳሳት ቅጣት እንደሌለው ልጁ የሚያውቀው እዚያ ላይ ነው።

ፊዚዮቴራፒስት (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) ነኝ፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን፦

መምህርቷ ያሉት ላይ ከሰውነት በኩል ልጨምር።

የልጅ ጉልበት ከትከሻ ነው የሚጀምረው፣ ከዚያ ክርን፣ ከዚያ የእጅ አንጓ፣ ጣት መጨረሻ ነው። ትከሻው ያልጸና ልጅ እርሳሱን አንቆ ነው የሚይዘው፣ ሌላ የሚደገፍበት ስለሌለው። አንጓችን ላይ 8 ትናንሽ አጥንቶች አሉ። ልጅ ሲወለድ ሁሉም እንደ ጆሮ ለስላሳ ናቸው፣ በየዓመቱ አንድ ሁለት እያሉ ነው የሚጠነክሩት፣ የመጨረሻዋ 9 ዓመት አልፎ ነው አጥንት የምትሆነው። የ5 ዓመት ልጅ ሙሉ ገጽ ጽፎ እጄን አመመኝ ሲል እመኚው።

ስለዚህ ቆሞ ይሳል። ወረቀቱን ወይም ካርቶኑን በዓይኑ ልክ ግድግዳ ላይ ለጥፊለት። ግድግዳ ላይ ሲስል ክንዱ ከፍ ይላል፣ ትከሻው ይሠራል፣ አንጓው ራሱ ወደ ኋላ ታጠፍ ይላል፣ ያ አያያዝ ነው ጣቶቹን ነጻ የሚያወጣቸው። ጠረጴዛ ላይ አንጓው ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ልጅ ግድግዳ ላይ ይስተካከላል፣ በዓይኔ ብዙ አይቻለሁ። አጥሩን ደግሞ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ይሳበው፣ እጁ የሰውነቱን መሐል አቋርጦ ይለፍ። መሐል ላይ እርሳሱን ወደ ሌላኛው እጁ የሚያዛውር ልጅ ካለ ይህን ልምምድ አብዙለት።

ሲቀመጥ እግሩ ይንጠለጠላል? ይህን ማንም አይጠይቅም። የአዋቂ ወንበር ላይ እግሩ ተንጠልጥሎ የሚጽፍ ልጅ ግማሽ ጉልበቱ ላለመውደቅ ነው የሚያልቀው። ከእግሩ ሥር ሣጥን ወይም ድንጋይ አድርጊለት።

ስለ መጫኑ አንድ ዘዴ አለ። ወረቀቱን የታጠፈ ፎጣ ላይ አንጥፊና "ሳትበሳው ሳል" በይው። ከተጫነ ይበሳል፣ ስለዚህ እጁ ራሱ መጠኑን ይማራል። ሌላው ደግሞ ከአካባቢያችን ነው። ትንሽ የበግ ጠጉር ወይም ጥጥ ድብልብል አድርገሽ በቀለበት ጣቱና በትንሿ ጣቱ መዳፉ ላይ ይያዛት። እንዳትወድቅበት ሁለቱን ጣቶች ሲያጥፍ የቀሩት ሦስቱ ለእርሳሱ ብቻ ይቀራሉ።

የደብረ ብርሃንን ጠዋት ደግሞ ታውቂዋለሽ። እጁ ቀዝቅዞ ከሆነ ጣት አይታዘዝም። ከመጻፉ በፊት እጁን ይፈትግ፣ ያጨብጭብ፣ ወይ ትኩስ ድንች ያዝ ያድርግ።

ሐኪም ጋ የሚወሰደው ይህ ሲኖር ነው፤ አንዱ እጁ ከሌላው በግልጽ ሲደክም፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ቶሎ ቶሎ ሲወድቅ፣ ይችለው የነበረውን ነገር ሲተው፣ ወይ ደግሞ ክብና መስቀል ጭራሽ አልሆን ሲለው። ዓይኑንም አስመርምሪው፣ ወረቀቱ ላይ ተጠግቶ አጎንብሶ የሚያይ ከሆነ በተለይ።

የአንኮበሩ፦

ልጄ፣ እኔ 64 ዓመቴ ነው፣ እነዚህ ልጆች ያሉትን ሁሉ አነበብኩ። አንድ ነገር ላይ አልስማማም። ፊደል መጻፉ ይቀነስ የሚለው እየተለመደ ሲመጣ ልጁ ሥራ መሸሽን እንዳይማር እፈራለሁ። እኛ አባቶቻችን ሲያዙን እንቢ አንልም ነበር፣ ያ ነው ያቆመን።

ግን ደግሞ እውነቱን ልናገር። ቄስ ትምህርት ቤት ስገባ እርሳስ ማን ሰጠኝ? ፊደሉን፣ አቡጊዳውን፣ መልእክተ ዮሐንስን የቆጠርኩት በስንጥር እየጠቆምኩ ነው። ስንጥሯ ቀጭን ናት፣ በጣት ጫፍ ካልሆነ አትያዝም፣ ከፊደል ወደ ፊደል ስትሄድ አተኩረው ነው መሪጌታ የሚያዩዋት። እርሳስ የያዝኩት 8 ዓመት ሞልቶኝ አስኳላ ስገባ ነው፣ በሳምንቱ ስሜን ጻፍኩ። ለካ እጄ ተዘጋጅቶ ነበር። ይህን አሁን እናንተን ሳነብ ነው ያሰብኩት።

ከብት ስጠብቅም ጭቃ አቡክቼ በሬ እሠራ ነበር፣ ቀንድ ያለው፣ ሻኛ ያለው። ገበጣ እንጫወት ነበር፣ ጠጠር አንድ አንድ እያሉ ማደል። ሴቶቹ ቅልብልቦሽ። እናቶቻችን ጥጥና ጠጉር ሲፈትሉ አጠገባቸው ቁጭ ብለን እናባዝት ነበር። ያሁን ልጅ እጁ ላይ ስልክ ነው ያለው፣ በአንድ ጣት ይዳብሰዋል፣ ጣቱ ከየት ይጠንክር?

ሥዕል የሥራ ፈት ነገር ነው የሚል ካለ ደግሞ ይታረም። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የተወለዱት እዚሁ አንኮበር ነው፣ በ1925 ዓ.ም.። እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፣ እሳቸው ግን ወደ ሥዕሉ ሄዱ። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ የገባ ሰው ያንን በቀለም የተሠራ ትልቅ መስታወት ያያል፣ 150 ካሬ ሜትር ነው። የዚህ አገር ልጅ እጅ ነው የሠራው። እና ናቲ ይሳል። ፊደሉንም አይተው፣ 10 ደቂቃ በቀን ይጻፍ፣ ከዚያ በላይ አይገደድ።

መምህርት ከመሐል ሜዳ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። የስንጥሯን ነገር ስላነሱ ደስ ብሎኛል። አባቶቻችን መጀመሪያ ዓይንና አፍ፣ መጻፉ ቆይቶ ነበር የሚሉት፣ እኛ ነን ሁሉንም በአንድ ዓመት በ4 ዓመት ልጅ ላይ የጫንነው። 10 ደቂቃው ላይ እስማማለሁ። የእርስዎን የጭቃ በሬ ነገ ክፍል ውስጥ አስገባዋለሁ።

የናቲ እናት፣ ከሥዕል ውጭ ያሉትን ደግሞ ሥራ ስትሠሪ አብሮሽ ይሥራቸው። ምስር ይልቀምልሽ። ባቄላ እሸት ሲደርስ ይፈልፍል። ቆሎ ስትሰጪው በእፍኝ ሳይሆን አንድ አንድ ፍሬ እያነሳ ይብላ። የሸሚዝ ቁልፉን ራሱ ይቆልፍ፣ ጠዋት ቢያረፍድም ታገሺው።

እናት ከሸዋ ሮቢት፦

የኔ ጥያቄ አይደለም ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ናቲ በየትኛው እጁ ነው የሚበላው፣ ድንጋይ የሚወረውረውስ? እኔ ልጄን 6 ወር ሙሉ በቀኝ እጇ ካልጻፍሽ ብዬ ያስለቀስኳት ግራኝ መሆኗን ስላልተቀበልኩ ነው። በግራ እንዳትበላ ስለምንቆጣቸው ግራኝነታቸው ሳይታየን ይቀራል። አሁን በቀኟ ትበላለች፣ በግራዋ ትጽፋለች፣ ማንም ምንም አላላትም።

ለግራኝ ወረቀቱ ወደ ቀኝ ዘንበል ይላል፣ ማለትም የግራው ላይኛው ጥግ ከፍ ይላል። እርሳሱን ከጫፉ ትንሽ ራቅ አድርጋ ትያዝ፣ የጻፈችው እንዲታያት። የቀኝ ልጅ ከሆነ ተቃራኒው ነው። እኛ ጋ ሙቀት ስለሆነ ልምምዱን ያደረግነው ወንዝ ዳር አሸዋ ላይ ነው፣ በእንጨት። ትልቅ ትልቅ ነበር የምትስለው፣ አንድ ዓሣ 2 ሜትር የሚያህል ስላ ውስጡ ተኝታበታለች።

የናቲ እናት (ደብረ ብርሃን)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ቀኝ ነው፣ ዛሬ ኳስ ሲወረውርም አየሁት። ዓይኑን አስመረመርኩ፣ ደህና ነው። አስተማሪዋን ትናንት አነጋገርኳት፣ መጀመሪያ ቅር አላት፣ በኋላ እስከ ሰኔ ድረስ በቀን ሁለት መስመር ይሁንለት አለች። ካርቶን ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። በጉን ዛሬ ጀመርን። ክቡ ክብ አልሆነም፣ ድንች ነው የሚመስለው፣ ጠጉሩን ግን ራት ቀርቦ እስኪጠራ አላቆመም።

የናቲ እናት (ደብረ ብርሃን)፦

እንኳን አደረሳችሁ! ከ4 ወር በኋላ ነው የተመለስኩት፣ ይቅርታ።

ክረምቱን ከጓዳ በር ጀርባ ያለው ግድግዳ የእሱ ሆነ። ቾክ፣ ከሰል፣ ያገኘውን። አመዱን ለአንድ ወር ያህል ወደደው፣ ከዚያ ተወው። ፎጣው ላይ መሳሉ በጣም ነው የሠራለት፣ መጀመሪያ ቀን 9 ቦታ በሳው፣ እየቆየ መብሳቱን ተወ። ጠጉሯን በትንሿ ጣቱ ያዝ የሚለውን ግን አልወደደውም፣ ትቼዋለሁ። አያያዙ አሁን በ3 ጣት ነው። ሲደክመው ወደ ጭብጡ ይመለሳል፣ ያኔ እርሳሱን ተቀብዬው እንወጣለን።

የምነግራችሁ የእንቁጣጣሹን ነው። የሰፈሩ ልጆች አበባና መልአክ እየሳሉ ሲያዞሩ አይቶ እኔም እስላለሁ አለ። ጳጉሜን ሙሉ ሳለ። አበባው አደይ ነው፣ መሐሉ ክብ፣ ዙሪያውን ቅጠል፣ ቅጠሎቹ አንዳንዱ ላይ 6፣ አንዳንዱ ላይ 11 ናቸው። 14 ወረቀት ስሎ 14ቱንም አዞረ። ጎረቤታችን እትዬ የሰጣቸውን በራቸው ላይ ለጥፈውታል፣ ስናልፍ እያቆመ ያሳየኛል። ከታች "ናቲ" ብሎ ጽፎበታል፣ ና ቲ-ን በቁመት ትበልጣታለች ግን ይነበባል።

መምህርት፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ባ እና ቦ ይምታቱበታል። የቷ እግር እንደምትረዝም አይይዘውም። በምን ላስይዘው?

መምህርት ከመሐል ሜዳ፦

እንኳን አብሮ አደረሰን! ያቺን አበባ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

ባ እና ቦ-ን ተዳፋት ላይ የተሠራ ቤት አድርገሽ አስይዢው። ጣርማ በር ላይ ቆሞ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ያየ ልጅ ይገባዋል። መጀመሪያ መሬቱን ይሳል፣ ወደ ቀኝ የሚወርድ ቁልቁለት። ከዚያ ቤቱን ያቁምበት። ቤቱ እንዳይወድቅ የቀኙ ምሰሶ እስከ ታች መርዘም አለበት፣ ያቺ ባ ናት። ቁልቁለቱን ወደ ግራ ሲያዞረው ደግሞ የግራው ምሰሶ ይረዝማል፣ እሷ ቦ ናት። መሬቱን በቾክ፣ ቤቱን በከሰል ይሳለው፣ ሲጨርስ መሬቱን በጨርቅ ጥረጊለትና ፊደሏ ብቻዋን ትቁም።